ዲግሪና መርፌ

ወዳጅ ሩቅ አገር ሲሄድ ምን ይሰጡታል? የመሥሪያ ቤቶቻችን ልማድ መልሱን አስቀድሞ አዘጋጅቶታል። አንዱ ባልደረባ የስም ዝርዝር ይዞ ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ይዞራል፤ ሁሉም እንደ ደሞዙ ያዋጣል፤ ገንዘቡ በፖስታ ይታሸጋል፤ ተሰናባቹም አመስግኖ ይሄዳል። ማን ምን እንዳሰበለት ግን አያውቅም። በውነቱ ከሆነ እኛም ከፈልን እንጂ አላሰብንለትም።

እኔም እስካለፈው ክረምት ድረስ ከነዚሁ ከፋዮች አንዱ ነበርኩ። ይሁን እንጂ በዩኒቨርሲቲ አንድ መኝታ ክፍል አብሮኝ የኖረው ወዳጄ በጤና መኮንንነት ተመርቆ ወሎ ውስጥ ወዳለ አንድ ጤና ጣቢያ ሲመደብ፣ ፖስታ መስጠቱ አሳፈረኝ። በልምምድ ጊዜ ከሁሉ ይበልጥ ያስቸገረው የሕፃናቱ ፍርሃት እንደነበረ አጫውቶኝ ነበር፤ ነጩን ጋዋን ገና ሲያዩ እናታቸው ጉያ ይሸሸጋሉ። ስለዚህ በእጅ የሚጠለቅ፣ አፉን የሚከፍትና የሚዘጋ አሻንጉሊት በገዛ እጄ ልሠራለት ቆረጥኩ።

ነገሩ ለብዙ ሰው የልጅ ጨዋታ ይመስላል። ነገር ግን ስመ ጥሩው ሠዓሊ ፓውል ክሌ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1916 እስከ 1925 ባለው ጊዜ ለልጁ ለፌሊክስ 50 ያህል የእጅ አሻንጉሊቶች ሠርቶለታል፤ ያገለገለውም ጨርቅ፣ ጄሶ፣ አጥንትና የተጣለ ዕቃ ነበር። አሜሪካዊው ጂም ሄንሰንም ከርሚት የተባለውን እንቁራሪት በ1955 የሠራው ከእናቱ አሮጌ ካፖርት ሲሆን፣ ዓይኖቹ ለሁለት የተከፈለ የጠረጴዛ ቴኒስ ኳስ ነበሩ። ወደ አገራችን ስንመለስ፣ መምህርት የነበረችው ብሩክታዊት ጥጋቡ ከባለቤቷ ጋር ሆና የፈጠረቻት ቀጭኔዋ ፀሐይ አለች። በቴሌቪዥን የቀረበውን «ፀሐይ መማር ትወዳለች»ን እያየን ያደግን ሰዎች፣ አሻንጉሊት ሊያስተምር እንደሚችል ለማመን ሌላ ምስክር አያሻንም።

ወደ ሥራዬ ልመለስ። አንድ አሮጌ የሱፍ ካልሲ፣ ለአፉ ከካርቶን የተቆረጠና ለሁለት የታጠፈ ክብ፣ ለጉሮሮው ቀይ ጨርቅ፣ ለዓይኑ ሁለት ቁልፍ፣ ለጠጉሩ የሱፍ ክር አዘጋጀሁ። በአንድ ማታ የምጨርሰው መስሎኝ ነበር፤ አሥር ቀን ፈጀብኝ። የመጀመሪያው ስፌት እጄን ባስገባሁ ጊዜ ተተረተረ። ዓይኖቹን አራርቄ ብሰፋቸው አሻንጉሊቱ የትም የማያይ ፈዛዛ ሆነ፤ ወደ አፍንጫው አቀራርቤ ስሰፋቸው ግን ፊት ለፊት የሚያየኝ መሰለ። ሲናገርም አራቱን ጣቶች ወደ ላይ ባነሳሁ ቁጥር ጭንቅላቱ እንደ ተደናገጠ ሰው ወደ ኋላ ይወረወራል። ምስጢሩ አውራ ጣትን ዝቅ ማድረግ ነው፤ ሰውም ሲናገር የሚንቀሳቀሰው የታችኛው መንጋጋው ነውና።

ስፌቱ አልይዝ ሲለኝ ከሰፈራችን ልብስ ሰፊ ዘንድ ሄድኩ። ሽማግሌው ሥራዬን አገላብጠው ካዩ በኋላ «ልጄ፣ ሁልጊዜ ወደ ፊት ብቻ ነው የምትሄደው። አንድ እርምጃ ከሄድክ ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ ተመልሰህ ውጋ። ያኔ አንዱ ቢበጠስ ሌላው ይይዘዋል» አሉኝ። በነጋታው በምሳ ሰዓት ቢሮ ውስጥ እንዳሉኝ ስሰፋ ያየኝ ባልደረባዬ ግን ስቆ «ዲግሪህን ለዚህ ነው የያዝከው?» አለኝ።

ይህ ሳቅ አዲስ አይደለም። ሸማኔውን፣ ቀጥቃጩን፣ ፋቂውንና ሸክላ ሠሪዋን በሙያቸው ስም ስንሰድብ የኖርን ሰዎች ነን። አፄ ምኒልክ ሠራተኛን በእጁ ሥራ መስደብ እንዲቀር በ1900 ዓ. ም. አዋጅ አውጥተው ነበር። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖት ሳለ፣ የተማርነው ወጣቶች ስድቡን ብንተወውም ንቀቱን አልተውነውም። አምፖል ለመለወጥ ሰው እንጠራለን፤ ቁልፍ ሲወልቅ ሸሚዙን እንጥላለን፤ ይህንንም እንደ ሥልጣኔ እንቆጥረዋለን። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይባላል። እኛ ግን ጠምጥመን ስናበቃ ትምህርቱ ያለቀ መሰለን። እኔ መርፌ ማስተካከል ያቃተኝ ባለ ዲግሪ መሆኔን ያወቅሁት በዚያ ካልሲ ነው።

አንዳንድ አንባቢ «ይህ ለገንዘብ መሳሳት ሰበብ ነው» ይለኝ ይሆናል። ሰበብ የሚያደርገው እንደማይጠፋ አምናለሁ። ወዳጅህ ጫማ ካስፈለገው ጫማ ግዛለት እንጂ አሻንጉሊት አትስፋለት። የምለው ይህን ብቻ ነው፦ ገንዘብ በሚቀጥለው ወር ይተካል፤ አሥር ማታ ግን አይተካም። ደግሞም አንድን ነገር በእጅህ ስትሠራ የምትሰጠውን ሰው ሳታስብ አንዲት ክር አታልፍም። ለዚያ ወዳጄ በአራት ዓመት ውስጥ በነዚያ አሥር ማታዎች ያሰብኩትን ያህል አስቤለት አላውቅም።

አሻንጉሊቱን ስሰጠው አንደኛው ጆሮ ጠማማ ነበር። ወዳጄ በእጁ አጥልቆ ለረጅም ጊዜ ዝም አለና «አንተ ነህ የሰፋኸው?» ብሎ በአሻንጉሊቱ አፍ ጠየቀኝ። ሁለታችንም ሳቅን፤ መለያየቱም ቀለለን።

ከሦስት ወር በኋላ ስልክ ደውሎልኝ ነበር። ክትባት የሚወስዱ ልጆች ሁሉ ማልቀሱን ባይተዉም ብዙዎቹ መጀመሪያ አሻንጉሊቱን ካላነጋገርን ይላሉ። አንድ ቀን የግራ ዓይኑ ወልቆ ጠፋ። ልጅዋን ለማስከተብ የመጣች አንዲት እናት ይህን አይታ፣ ከራስዋ ሹራብ ቁልፍ ፈትታ እዚያው ተቀምጣ ሰፋችለት። አሁን አንዱ ዓይን ጥቁር፣ ሌላው ሰማያዊ ነው።

ውድ አንባቢ፣ የዚያች ሴት ስፌት እስካሁን አልላላም አሉ። የኔው ግን ላልቷል። በሚመጣው በዓል ወሎ ስሄድ መርፌና ክር ይዤ ለመሄድ አስቤአለሁ።