ሪባኑ ምን ያረጋግጣል?

ናትናኤል ሆውቶርን እ.ኤ.አ. በ1835 ያሳተመው «ያንግ ጉድማን ብራውን» የተሰኘ አጭር ልቦለድ በተነሣ ቁጥር የሚቀርበው ትንታኔ አንድ ዓይነት ነው፤ ጫካው ኃጢአት፣ እባብ መሳዩ ከዘራ ሰይጣን፣ ስሟ «እምነት» የሆነው ወጣት ሚስት የባሏ ሃይማኖት፣ ቆቧ ላይ ያለው ሮዝ ሪባን ንጽሕና። ሰምና ወርቅ ለለመደ አንባቢ ይህ አይከብድም። ነገር ግን ሰሙን በጥድፊያ ገፎ የሚጥል አንባቢ ዋናው ገጸ ባሕርይ የወደቀበት ጉድጓድ ውስጥ ይገባል። ብራውን እምነቱን ያጣው ክፋትን ስላየ አይደለም፤ ምልክትን እንደ ማስረጃ ስለቆጠረ ነው።

ብራውን ሌሊት ጫካ ሲገባ አብሮት የሚሄደው ባለ ከዘራው መንገደኛ ስለ ዘመዶቹ ሁለት ነገር ያጫውተዋል። አያቱ አንዲት የኩዌከር እምነት ተከታይ ሴት በሳሌም ጎዳና ሲገርፍ፣ አባቱም በንጉሥ ፊሊፕ ጦርነት የነባር ሕዝቦችን መንደር ሲያቃጥል አግዟቸዋል። ይህ ከደራሲው ቤት የወጣ ወሬ ነው፤ ከቅድመ አያቶቹ አንዱ ዊልያም ሃቶርን ኩዌከሮችን በማስገረፍ ይታወቅ ነበር። ብራውን ግን ቤተሰቡ ጸሎተኛና ምግባረ ሠናይ መሆኑን ተናግሮ ያልፈዋል። የሚሰብረው ከሰማይ ተንሳፍፎ ወርዶ ቅርንጫፍ ላይ የተያዘ ሪባን ነው። ያን ጨብጦ ሁሉም ነገር እንዳበቃለት ይደመድማል። በማግስቱ ጠዋት ግን ሚስቱ ሪባኗን እንዳደረገች በደስታ ትቀበለዋለች። ጫካው ውስጥ ሲነድ ያየው ቅርንጫፍም ጉንጩ ላይ ያንጠባጠበው ቀዝቃዛ ጤዛ ነበር።

ታሪኩ ለምን ሳሌም ላይ እንደተተከለ የሚገባን ይህን ስንይዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1692 በዚያች የማሳቹሴትስ ከተማ 19 ሰዎች በጥንቆላ ተከሰው ተሰቅለዋል፤ ብዙዎቹንም ያስፈረደባቸው «መንፈሷ መጥቶ አሠቃየኝ» የሚል ምስክርነት ነው። ከመርማሪ ዳኞቹ አንዱ ሌላው የደራሲው ቅድመ አያት ጆን ሃቶርን ነበር። ከተሰቀሉት አንዷ ማርታ ኬሪየር በስሟ ልቦለዱ ውስጥ ገብታ መንደርተኛው ከሰይጣን ጋር በሚሰበሰብበት የጫካው ጉባኤ ላይ ትታያለች። የሚያያት ግን ማን ነው? የብራውን ዓይን ብቻ። ዳኞቹ በችሎት ያደረጉትን እሱ በልቡ አደረገ።

«ስሞቹ ራሳቸው ምሳሌ መሆናቸውን ይጮኻሉ፤ ታዲያ ምን ይካዳል?» የሚል አይጠፋም። ምሳሌነቱን አልክድም። ሚስቱን ሰው ሳይሆን ምሳሌ ያደረጋት ግን በቅድሚያ ባሏ ነው፤ ቀሚሷን ይዞ መንግሥተ ሰማያት ለመግባት የሚመኝ ሰው ከእርሷ ጋር ትዳር የመሠረተ አይመስለኝም። ጠንከር ያለው ተቃውሞ ሌላ ነው፤ መንገደኛው ስለ አያትና አባቱ የተናገረው እውነት ከሆነ፣ ስለ መንደርተኛው ያሳየውስ ለምን ሐሰት ይሆናል? ሐሰት ነው አላልኩም። ከተማዋ ደም አለባት። ይሁንና ግርፋቱና ቃጠሎው ተመዝግቦ የሚገኝ፣ ሊጠየቁበትም የሚገባ በደል ነው፤ የሚስቱ በደል ግን ከሪባን በቀር ምስክር የለውም። በጫካው ጉባኤ ከፊቱ ያያትን ሚስቱን ወደ ሰማይ ቀና እንድትል ሲማጸናት መታዘዝ አለመታዘዟን ታሪኩ አይነግረንም። ብራውን መልሱን ከአንደበቷ መስማት ይችል ነበር፤ ጠዋት ስትቀበለው ግን ሰላም እንኳ ሳይላት አለፋት።