ሳይነካ የሚያውቅ መሣሪያና የእኛ የማግኔት ትምህርት

«ተመሳሳይ ዋልታዎች ይገፋፋሉ፣ ተቃራኒ ዋልታዎች ይሳሳባሉ» የሚለውን በቃሉ ያልያዘ ከመካከላችን የለም። ለፈተና ጽፈነዋል፣ ማርክም አግኝተንበታል። ታዲያ ይህ ነገር ከጥቁር ሰሌዳው ወርዶ ምን ይሠራል ቢሉን ስንቶቻችን እንመልሳለን?

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ያረጀ ሬዲዮ የድምፅ መጨመሪያው ሲዞር የሚንኮሻኮሸው ለምንድን ነው? በውስጡ አንድ የብረት ምላስ በካርቦን ላይ እየተፋተገ ስለሚሄድ ነው። ሲቆይ ካርቦኑ ይፋቃል፣ አቧራም ይገባበታል። የማሽን ክፍል የት እንደደረሰ ለማወቅም በዚሁ ዐይነት መሣሪያ ሲሠራ ኖሯል። የሚፋተግ ነገር ደግሞ ማለቁ አይቀርም።

ያለ ንክኪ የሚሠራው ማግኔታዊ ሴንሰር ይህን ችግር ያቃልላል። በሚንቀሳቀሰው ክፍል ላይ ትንሽ ማግኔት ይገጠማል፤ ሴንሰሩ ፈንጠር ብሎ ይቀመጣል። ማግኔቱ ሲቀርብ፣ ሲርቅ ወይም ሲዞር በሴንሰሩ ላይ የሚያርፈው የማግኔት መስክ ይለወጣል፤ ሴንሰሩም ለውጡን በቮልቴጅ ያስታውቃል። ስለማይነካካ አይፋቅም። መስኩም በፕላስቲክ፣ በዘይት፣ በጭቃና በአቧራ ውስጥ ያልፋል። በብርሃን የሚሠራ መሣሪያ ግን ጭቃ ከሸፈነው ታወረ ማለት ነው። እርግጥ እንከን የለሽ ነው አንልም፤ ሌላ ኃይለኛ ማግኔት ቢጠጋው ይሳሳታል፣ ብርቱ ሙቀትም ንባቡን ያዛባዋል።

ይህ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገራችን እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና በየመንገዱ እናያለን። በብዙዎቹ ባለ ሁለትና ባለ ሦስት ጎማ የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎች ሞተር ውስጥ፣ የሚዞረው ክፍል የት እንዳለ የሚናገረው ይኸው ሴንሰር ነው። እሱ ካልነገረ ኤሌክትሪኩ ለየትኛው ጥቅል ሽቦ እንደሚሰጥ አይታወቅም። በኮምፒዩተር ማቀዝቀዣ ማራገቢያ ውስጥም አለ።

«ይህ የቴክኒክ ትምህርት ቤት ጉዳይ ነው፤ እኛ ሕፃናት ነው የምናስተምረው። ደግሞስ መሣሪያው የት አለ?» የሚሉ ጓደኞች አሉን። እኛ አንስማማም። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል እንደሚባለው፣ መሣሪያው በየቤታችን ተጥሏል። የልብስ መርፌ በማግኔት ላይ በአንድ አቅጣጫ ደጋግመን ብንፈትግ ማግኔት ይሆናል። በቡሽ ላይ አድርገን በፕላስቲክ ሳህን ውሃ እናንሳፈው። ከተበላሸ ሬዲዮ ድምፅ ማጉያ የተገኘ የማግኔት ስባሪ በካርቶን ጎማ ጠርዝ ላይ አጣብቀን ከሳህኑ ውጭ ቀስ ብለን እናዙር። ማግኔቱ ባለፈ ቁጥር መርፌዋ ትወዛወዛለች። ተማሪው ጎማውን ሳያይ፣ መርፌዋን ብቻ እያየ ስንት ጊዜ እንደዞረ ይቆጥራል። ሴንሰር ማለት እኮ ይኸው ነው! ወጪውም እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

የዚህ ሴንሰር መሠረት የሆነውን ክስተት ያገኘውም ተማሪ ነበር። አሜሪካዊው ኤድዊን ሆል በባልቲሞር ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ሲማር፣ በታዋቂው ማክስዌል መጽሐፍ ውስጥ ያነበበው አንድ ነጥብ አላሳመነውም። በቃሉ ይዞ ማለፍ ይችል ነበር፤ ግን ሞከረው። እ.ኤ.አ. በ1879 ኤሌክትሪክ የሚያልፍበትን ስስ የወርቅ ቅጠል በማግኔት ዋልታዎች መካከል አስቀምጦ በጎንና ጎኑ ቮልቴጅ አገኘ። ስሙም እስከ ዛሬ «የሆል ክስተት» እየተባለ ይጠራል።

ነገ ክፍል ስንገባ በቃል የተማርነውን በቃል ብቻ ካስተላለፍን፣ ከፊታችን የሚቀመጠው እንደ ሆል የሚጠይቅ ልጅ እጁን ሳያወጣ ይቀራል። ስለዚህ ለማስተማር ልምምድ ስንወጣ እያንዳንዳችን አንድ መርፌና አንድ የማግኔት ስባሪ ይዘን እንውጣ። መምህራኖቻችንም በትምህርት መርጃ ዝግጅት ክፍለ ጊዜ ይህንን እንድንሠራ ቢፈቅዱልን መልካም ነው እንላለን።

ሴንሰሩ ሳይነካ ይወቅ፤ ተማሪው ግን ነክቶ ይማር!