ብልቃጡ ብዙ፣ ወረቀቱ አንድ

አቦምሳ ወይም አዳማ ላይ ጂም ከፍቶ «ጎን ለጎን የሚሸጥ ዕቃ ላምጣ» የሚል ባለሀብት፣ ዛሬ በኢንተርኔት ከሚቀርቡለት ሸቀጦች አንዱ የዕድገት ሆርሞን ቀስቃሽ ፔፕታይድ ነው። ሻጮቹ በጉልበቱ ያወዳድሩታል። ገንዘቡን የሚያወጣ ነጋዴ ግን ማወዳደር ያለበት በወረቀቱ ነው እንላለን።

ፔፕታይዶቹ ሆርሞኑን ራሱን አይደሉም፤ ፒቱታሪ የተባለችው ዕጢ የራሷን እንድታወጣ ይጎተጉቷታል። ሰርሞሬሊን፣ ቴሳሞሬሊንና ሲጄሲ-1295 ከአንጎል የሚመጣውን አዛዥ ሆርሞን ይመስላሉ። ጂኤችአርፒ-6 እና ኢፓሞሬሊን ደግሞ ግሬሊን በሚባለው የረሃብ ሆርሞን በር ይገባሉ። የመጀመሪያው የምግብ ፍላጎት ይከፍታል፤ ሁለተኛው ኮርቲሶልን እምብዛም አይነካም ተብሎ ይወደሳል። ሰርሞሬሊን በደም ውስጥ የሚቆየው ለደቂቃዎች ነው፤ ሲጄሲ-1295 ለቀናት። ለገዢ የሚነገረው ይኸው ነው።

ወረቀቱ ሲታይ ሰልፉ ይገለበጣል። ሰርሞሬሊን እ.ኤ.አ. በ1997 አሜሪካ ውስጥ ተፈቅዶ ነበር፤ በ2008 ምርቱ ቆመ። ቴሳሞሬሊን በ2010 ተፈቀደ፤ እሱም ኤችአይቪ ያለባቸው ሰዎች ሆድ ውስጥ የሚከማቸውን ስብ ለመቀነስ እንጂ ለጡንቻ አይደለም። እጅግ የሚወደሱት ሲጄሲ-1295 እና ኢፓሞሬሊን በዚያው አገር ለአንድም ሕክምና አልተፈቀዱም፤ ብዙውን ጊዜ የሚሸጡት «ለምርምር ብቻ» የሚል ጽሑፍ ተለጥፎባቸው ነው። ይህ ጽሑፍ ሻጩንም ሆነ አስመጪውን ከተጠያቂነት አያወጣም።

በአገራችን በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት መድኃኒት ገበያ ላይ የሚውለው በምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ሲመዘገብ ነው። «ዕቃው በእጄ ነው» የሚል ደላላ ሲመጣ የምዝገባ ቁጥሩን ጠይቁት። ማቀዝቀዣውንም ጠይቁት፤ በውኃ የተበጠበጠ ፔፕታይድ ከፍሪጅ ውጪ አይበረክትም፣ የአዋሽ ሸለቆን ሙቀትና የመብራት መጥፋትን ደግሞ የአካባቢው ነጋዴ ከእኛ በላይ ያውቀዋል።

ከሁሉ የከፋው ኪሳራ ግን በብር አይቆጠርም። አርሲ ኃይሌን፣ ደራርቱንና ቀነኒሳን ያወጣ ምድር ነው። የዓለም ፀረ-ዶፒንግ ኤጀንሲ እነዚህን ፔፕታይዶች በሙሉ፣ በውድድርም ሆነ ከውድድር ውጪ፣ ይከለክላል። የዓለም አቀፉ የአትሌቲክስ ፌዴሬሽኖች ማኅበር (አይኤኤኤፍ) ደግሞ በ2016 ኢትዮጵያን ጥብቅ ክትትል ከሚያሻቸው አምስት አገሮች አንዷ ብሎ ጠርቷት ነበር። ከዚያ ብልቃጥ ቀምሶ የተያዘ ወጣት ሯጭ እስከ አራት ዓመት ሊታገድ ይችላል፤ ያቀበለውም ሰው በደንቡ ተጠያቂ ነው።

ከብት የምታደልቡም አትቸኩሉ። የዚሁ ዘመድ የሆነው ካፕሮሞሬሊን እ.ኤ.አ. በ2016 አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው መብላት ለቀነሰ ውሻ ነው፤ ለሰንጋ አይደለም።