«ታሟል ተብሎ ተለቀቀ»፦ የስኪዞፍሬኒያ ሕሙማን፣ የፍርድ ቤት ትእዛዝና የመድኃኒት ክትትል

አንድ ሰው ወንጀል በፈጸመበት ጊዜ በስኪዞፍሬኒያ ሕመም ምክንያት የድርጊቱን ምንነትና ውጤት የማይረዳ ወይም ራሱን መቆጣጠር የማይችል ከነበረ፣ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 48 ከቅጣት ነጻ ያደርገዋል። በተበዳይ ቤተሰቦች ዘንድ ብዙ ጊዜ የሚሰማው «ታሟል ተብሎ ተለቀቀ» የሚለው ቅሬታ ግን የሕጉን ግማሽ ብቻ ያየ ነው። ከአንቀጽ 129 እስከ 132 በተደነገገው መሠረት ፍርድ ቤቱ ግለሰቡ ሕክምና እንዲከታተል፣ ለሕዝብ ወይም አብረውት ለሚኖሩ ሰዎች አደገኛ ከሆነም ተስማሚ በሆነ ተቋም እንዲቆይ ያዛል። የቆይታው ጊዜ አስቀድሞ በዓመት አይገደብም፤ ፍርድ ቤቱ ግን ውሳኔውን በየሁለት ዓመቱ መልሶ ይመረምራል።

የአእምሮ ሁኔታው አጠራጣሪ ሲሆን በአንቀጽ 51 መሠረት የባለሙያ ምርመራ ይታዘዛል። ፍርድ ቤቱ የሚገዛው በተረጋገጠው ሳይንሳዊ ግኝት እንጂ ባለሙያው ስለ ሕጉ በሚሰጠው አስተያየት አይደለም። በዚህ ሥራ ረጅም ልምድ ያለው አዲስ አበባ የሚገኘው አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ነው። በምሥራቅ ጎጃም አምበር ለሚኖር ቤተሰብ ይህ ዓባይን ተሻግሮ መሄድን ይጠይቃል። ሐኪሙም ሰውየውን የሚያየው ከድርጊቱ በኋላ ቆይቶ፣ ምናልባትም ከተረጋጋ ወዲያ ነው። ስለዚህ ቀደም ሲል በጤና ጣቢያም ሆነ በሆስፒታል የታከመበት ካርድ ካለ፣ ቤተሰቡ ገና በምርመራው መጀመሪያ ለፖሊስ ወይም ለዐቃቤ ሕግ ማቅረብ ይኖርበታል።

ሕክምናው በዋናነት የሚመሠረተው በመድኃኒት ላይ ነው። ሃሎፔሪዶልና ክሎርፕሮማዚን፣ እንዲሁም ከእነርሱ በኋላ የመጡት ሪስፔሪዶንና ኦላንዛፒን፣ ሌላው የማይሰማውን ድምፅ መስማትንና «ሊገድሉኝ ነው» የሚል ጽኑ የሐሰት እምነትን ይቀንሳሉ። መረበሹ በቀናት ውስጥ ሊበርድ ይችላል፤ ድምፁና ጥርጣሬው እስኪለቁ ግን ሳምንታት ያስፈልጋሉ። ብዙ ጊዜ ችግር የሚፈጠረው ሕመምተኛው ሲሻለው ነው፤ ድኛለሁ ብሎ ያቋርጣል፣ ወይም የጡንቻ መገተርና የእጅ መንቀጥቀጥ ያስመርረዋል። ይህን ሐኪም መጠኑን በመቀነስ ወይም መድኃኒቱን በመለወጥ ሊያስተካክለው ይችላል። እንክብል በየቀኑ መውሰድ ለሚያስቸግረው ሰው በየሁለት እስከ አራት ሳምንቱ የሚወጋ ፍሉፌናዚን ዲካኖኤት አለ፤ የመርፌው ቀን ካለፈ ነርሷ ወዲያው ታውቃለች። ሁለት መድኃኒቶች በበቂ መጠንና ጊዜ ተሞክረው ላልተሻለው ክሎዛፒን ይታሰባል፤ ነጭ የደም ሕዋሳትን ሊቀንስ ስለሚችል ግን ያለ መደበኛ የደም ምርመራ አይሰጥም።

በዚህ ሰንሰለት ውስጥ በቀላሉ የሚበጠሰው ቀለበት ከሆስፒታል እስከ መኖሪያ ወረዳ ያለው ነው። የፍርድ ቤቱ ትእዛዝ ሲነሳ መድኃኒቱም የሚያበቃ የሚመስላቸው ጥቂቶች አይደሉም። ትእዛዙ የሚነሳው ግን ብዙውን ጊዜ መድኃኒቱ ስለሠራ ነው! ሰውየው ከተቋሙ ሲወጣ የመድኃኒቱ ስምና መጠን፣ የመጨረሻው መርፌ የተሰጠበት ቀንና ለቅርብ ሆስፒታል የተጻፈ የሪፈር ወረቀት በቤተሰቡ እጅ መኖር አለበት። መድኃኒቱ በዚያ ተቋም መኖሩን ቀድሞ መጠየቅም ያሻል። ትእዛዙ ካልተነሳ ደግሞ ያልተቋረጠ የክትትል መዝገብ በየሁለት ዓመቱ በሚደረገው ምርመራ ለሕመምተኛው ጠንካራ ማስረጃ ይሆነዋል።

ጠበል መጠመቅ መድኃኒት መውሰድን አይከለክልም፤ በጾም ወቅትም የመዋጫውን ሰዓት ከሐኪም ጋር ማስተካከል ይቻላል። አረቄና ጫት ግን ሕመሙን ያባብሳሉ። አብዛኞቹ የስኪዞፍሬኒያ ሕሙማን በማንም ላይ ጉዳት አያደርሱም፤ እንዲያውም ጥቃት የሚደርስባቸው እነርሱ ናቸው። ከዚህ በፊት ጉዳት ያደረሰ ሕመምተኛ እንቅልፍ ካጣ፣ ለብቻው ማውራት ከጀመረ ወይም አንድን የቤተሰብ አባል ለይቶ መጠርጠር ካበዛ፣ የቀጠሮው ቀን ሳይጠበቅ ወደ ጤና ተቋም ሊወሰድ ይገባል።