ትምህርቱም እንደ ሸቀጡ ሒሳብ ይፈልጋል

ሞያሌ ላይ እየነገድን ዲግሪያችንን በኦንላይን የምንማር ሴቶች አለን። «ገበያ ሲቀዘቅዝ አጠናለሁ» የሚለውን ነገር ግን እንተወው። ገበያ ሲቀዘቅዝ ሐሳብ ይበዛል እንጂ ጊዜ አይተርፍም። የከፈልነው ከመነገጃችን ላይ ቆርሰን ነው፤ አንድ ኮርስ መውደቅ አንድ ጭነት እንደ መክሰር ነው።

መጀመሪያ የማስረከቢያ ቀኖቹን በኛ አቆጣጠር ገልብጠን ግድግዳ ላይ እንለጥፍ። ኦክቶበር 10 ቀን 2024 በ23፡59 የሚዘጋ አሳይመንት ለኛ መስከረም 30 ቀን 2017 ከምሽቱ 5፡59 ነበር። ሰዓቱን የተሳሳተ ልፋቱ ሁሉ ከንቱ ነው።

ቀጥሎ ቪዲዮውን ዋይፋይ ባለበት አውርደን እንያዝ፤ ድንበር ስንሻገር ሲም ካርዱም ይቀየራል። ጉምሩክ ወረፋ ላይ 20 ደቂቃ ካገኘን ደብተሩን ዘግተን የተማርነውን አጠገባችን ላለችው እንንገራት። ደጋግሞ ከማንበብ ይልቅ ሳያዩ ማስታወስ ትምህርቱን ያጸናል።

ያልተጠና ምዕራፍም እንደ ዱቤ ነው፤ በየሳምንቱ ካልተመዘገበ ተከማችቶ ለፈተና ይደርሳል።

የጥናት ሰዓታችንን ባልም ልጆችም ይወቁት። ለደንበኛ የሰጠነውን ቀጠሮ እንደምናከብር ለራሳችን የሰጠነውንም እናክብር።