ሰንጠረዥ የሊግ ደረጃ ብቻ አይደለም

ዛሬ «ሰንጠረዥ» ሲባል ቶሎ የሚመጣልን የፕሪሚየር ሊግ ደረጃ ነው። ማን ይመራል፣ ማን ወራጅ ቀጠና ውስጥ ነው። ቃሉ ግን የጨዋታ ስም ነበር። የኛው ቼዝ እኮ ነው!

ወዳጆቼ፣ በተለይ ልጆቻችሁን ቼዝ የምታስተምሩ፣ አንድ ነገር ላንሳ። «ትክክለኛው ቼዝ» የምንለው ሕግ ከሰማይ የወረደ አይደለም። ጨዋታው በ6ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ ሕንድ ውስጥ ቻቱራንጋ ይባል ነበር፤ «አራት ክፍል» ማለት ነው፦ እግረኛ፣ ፈረሰኛ፣ ዝሆንና ሠረገላ። ፋርሶች ቻትራንግ አሉት፣ ዐረቦች ሻትራንጅ፣ እኛ ሰንጠረዥ። ያኔ በንግሥቷ ቦታ የሚቆመው የንጉሡ አማካሪ ነበር፤ በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ የሚራመድ ደካማ። አውሮፓውያን ንግሥት ብለው ከሰየሟት በኋላም ለብዙ ዘመን እንደዚያው ቀረች። ሰሌዳውን ከዳር እስከ ዳር መቁረጥ የጀመረችው በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ነው። ዛሬ የምንጫወተው ቼዝ እንግዲህ የ500 ዓመት ዕድሜ ቢኖረው ነው።

የኛ ሰንጠረዥ የቀድሞውን አካሄድ ይዞ ቆየ። ፈርዝ አንድ ቤት በሰያፍ ይሄዳል፤ ፊል (ዝሆኑ) ሁለት ቤት በሰያፍ ይዘላል። ሰሌዳው ጥቁርና ነጭ የለውም፤ መስመር ያለበት ጨርቅ ይበቃል። ግን ዝም ብሎ የድሮውን ይዞ አልተቀመጠም፤ የራሱን ጨመረ። ወረራ!

በወረራ ተራ መጠበቅ የለም። ሁለቱም ባንድ ጊዜ፣ እንደ እጃቸው ፍጥነት፣ ሠራዊታቸውን ያሰልፋሉ። አንዱ የሌላውን እስኪበላ ድረስ ነው ይሄ። ከዚያ በኋላ ተራ በተራ ይሆናል። ተመልካቹም አፉን ዘግቶ አይቀመጥም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የራስ ወልደ ሥላሴን ጨዋታ ያዩ እንግሊዞች በዙሪያው ያለው ሰው ሁሉ ምክር ሲሰጥ አይተው ተገርመዋል።

«ኋላ ቀር ነው» የሚል ካለ ይቺን ይስማ። ቦቢ ፊሸር በ1996 እ.ኤ.አ. የኋላ ረድፍ ጠጠሮች በዕጣ የሚደረደሩበትን ቼዝ ያስተዋወቀው ለምንድን ነው? ተጫዋቹ መክፈቻውን ሸምድዶ ስለሚመጣ ነው። አሁን ደግሞ ኮምፒውተር አለ፤ ሽምደዳው ብሷል። ወረራ ውስጥ ግን ምኑን ትሸመድዳለህ? ባላጋራህን እያየህ ነው የምታስበው። ዓለም ዛሬ መፍትሔ የሚፈልግለትን ጣጣ አያቶቻችን ጨርቅ ላይ ቀድመው አምልጠውታል።

ዘመናዊውን ቼዝ ተዉ አላልኩም። ልጆቻችን ከዓለም ጋር የሚወዳደሩበት እሱ ነው፤ ንግሥቷም ጨዋታውን አጣፍጣዋለች። ግን የቼዝ ክበብ ያላቸው ትምህርት ቤቶች በሳምንት አንድ ቀን ለወረራ ቢሰጡ ምን ይጎድልባቸዋል? ያው ጠጠር፣ ያው ሰሌዳ ነው። ወጪ የለውም።

ሪቻርድ ፓንክረስት ሕጉን በ1971 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት ጽፈው አቆይተውልናል፤ ውለታቸው ትልቅ ነው። ጨዋታ ግን በወረቀት ብቻ አይኖርም። እጅ ይፈልጋል፣ ጫጫታ ይፈልጋል። ሰንጠረዥ ሲጫወቱ ያደጉ አያት ወይም የሰፈር አዛውንት የምታውቁ ካላችሁ ነገ ዛሬ አትበሉ። ጨርቁን ዘርጉላቸው፣ ስልካችሁን አውጥታችሁ ቅረጹ፣ ከዚያ ደግሞ ቁጭ ብላችሁ ተሸነፉላቸው።

እስቲ በየአካባቢያችሁ እንዴት ነበር የሚጫወቱት? ከታች ጻፉልኝ።