ከጓዳችን፦ አትክልት በነጭ ሶስ

ክረምቱ ሲበረታና ልጆች ከደጅ በርዷቸው ሲገቡ ሆድ የሚያሞቅ ነገር መፈለግ ያለ ነው። ሾርባ አለ፤ ገንፎም አለ። ዛሬ ከጓዳዬ የማወጣላችሁ ግን በነጭ ሶስ የተሠራ አትክልት ነው። ላዛኛ የሠራችሁ ሁሉ ሶሱን ታውቁታላችሁ፤ ቤሻሜል የሚባለው ነው። ስሙ ከአንድ የፈረንሳይ ቤተ መንግሥት ሰው እንደተወሰደ ይነገራል፤ እኛ ግን የለመድነው ከጣሊያኖቹ ላዛኛ ጋር ነው። ላዛኛ ከነሥጋው ለደመወዝ ሰሞን ካልሆነ ከበድ ይላል። አንድ ራስ አበባ ጎመንና ግማሽ ሊትር ወተት ግን ቤተሰብ ያጠግባሉ።

እኔ ይህን ምግብ አጥብቄ የያዝኩት በአማቴ ምክንያት ነው። የባለቤቴ እናት ከአገር ቤት መጥተው ከእኛ ጋር መኖር ሲጀምሩ ጥርሳቸው አልቆ ነበር። ጥብስ አይሆንላቸውም፤ ሰላጣም እንደዚያው። ለስለስ ያለና የሚያጠግብ ነገር ያስፈልግ ነበር። የመጀመሪያው ሙከራዬ ግን የሚያሳፍር ነበር። ወተቱን አፈላሁና ዱቄቱን ከላይ በተንኩበት። ወዲያው ጓጎለ። ባለቤቴ ድስቱን ከፍቶ አየና «ጢህሎ ነው እንዴ?» አለኝ።

ምክንያቱን ካወቃችሁት ዳግመኛ አይጓጉልባችሁም። ደረቅ ዱቄት በቀጥታ ትኩስ ወተት ውስጥ ሲገባ ውጩ ወዲያው አብጦ ይጣበቅና ውስጡ ደረቅ እንደሆነ ይታሸጋል። ዱቄቱ አስቀድሞ በቅቤ ከታሸ ግን ቅባቱ ቅንጣቶቹን ስለሚለያያቸው እያንዳንዱ ለብቻው ወተቱን ይጠጣል። ለግማሽ ሊትር ወተት አራት የሾርባ ማንኪያ የገበታ ቅቤና አራት የሾርባ ማንኪያ የፉርኖ ዱቄት ይበቃል። ቅቤውን በለስላሳ እሳት አቅልጡ፤ ዱቄቱን ጨምራችሁ በእንጨት ማንኪያ ለሁለት ደቂቃ ያህል አማስሉ። ቀለሙ መለወጥ የለበትም፤ የጥሬ ዱቄት ሽታው ብቻ ይሂድ። ከዚያ ወተቱን በጥቂት በጥቂቱ ጨምሩ። የመጀመሪያው ጭልፋ ሲገባ ሊጥ ይመስላል፤ አትደንግጡ፣ ማማሰሉን ቀጥሉ። ሶሱ በደንብ የሚወፍረው ወተቱ ሊፈላ ሲቃረብ ነው። ስለዚህ ገና ለብ ሳለ «ቀጠነብኝ» ብላችሁ ዱቄት እንዳትጨምሩ፤ ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ከፈላ በኋላ አምስት ደቂቃ ያህል በዝግታ ይንተክተክ። ጨው፣ ነጭ ቁንዶ በርበሬና በጣም ጥቂት የተፈጨ ገውዝ መጨረሻ ላይ ይገባሉ። እንዲያም ሆኖ ከጓጎለባችሁ በወንፊት አጥልሉት፤ ማንም አያውቅባችሁም።

ወተቱ ከጎረቤት ላም የመጣ ከሆነ አስቀድሞ በሚገባ ይፍላ። ጥሬ ወተት በሽታ ያስተላልፋል፤ ለአረጋውያንና ለነፍሰ ጡሮች ደግሞ ይበልጥ ያሰጋል። የተነጠረ የአበሻ ቅቤም ዱቄቱን ያሻል። እንደ እኔ ግን ኮረሪማውና ኮሰረቱ ለቆስጣ እንጂ ለአበባ ጎመን አይስማሙም።

አሁን ወደ አትክልቱ እንምጣ። በውጭ አገር የምግብ መጻሕፍት ላይ «አበባ ጎመኑን ስምንት ደቂቃ ቀቅሉ» የሚል ታነብባላችሁ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፣ ውኃችን የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለዚህ ሰዓት ሳይሆን ሹካ እመኑ፤ ሹካው ያለ ችግር ሲገባ በስሏል። ድንችና ካሮት ቀድመው ይግቡ፤ አበባ ጎመኑ በኋላ ይከተላል። ከሁሉ በላይ ውኃውን በደንብ አንጠፍጥፉት። ሶሱ አምሮ ከተሠራ በኋላ በሳህኑ ላይ ውኃ ሲንጣለል ያየ ሰው ጥፋቱን በወተቱ ላይ ያሳብባል፤ ውኃው ግን የአትክልቱ ነው። ቆስጣ በዚህ በኩል የባሰ ነው፤ ውኃ ሳይጨመርበት በራሱ እርጥበት ካበሰላችሁት በኋላ ጨምቃችሁ ክተፉት። ቲማቲምና ሎሚ ግን ወተቱን ሊቋጥሩት ስለሚችሉ ከዚህ ድስት ይራቁ።

አትክልቱን ከሶሱ ጋር ከቀላቀላችሁ በኋላ ኦቭን ካላችሁ ፕሮቮሎኔ ፎርማጆ ፍቃችሁ ከላይ ነስንሱና ወርቃማ እስኪሆን አስገቡት። ከሌላችሁም ክዳኑን ገጥማችሁ በለስላሳ እሳት ላይ ፎርማጆው እስኪቀልጥ ተዉት። የእኛ አይብ አይቀልጥም፤ ነገር ግን ሶሱ ከእሳት ከወረደ በኋላ ሲዋሐደው ይጣፍጣል።

አንድ ቀን እንዲሁ አሳምሬ ሠርቼ ለአማቴ አቀረብኩ። አሸተቱና ፈገግ ብለው «እግዜር ይስጥልኝ ልጄ፣ ትንሽ ልቆይ» አሉ። ከሰዓት በኋላ ሳየው እንዳለ ነው። ማታም አልተነካም። በማግሥቱ ጠዋት ግን ራሳቸው አሙቀው ሲበሉ አገኘኋቸው። ያን ጊዜ ነው የገባኝ፤ የቀደመው ቀን ረቡዕ ነበር።

እኛ ቤት ረቡዕና ዓርብ እንደማንኛውም ቀን ናቸው። እሳቸው ግን ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲጾሙ የኖሩ ናቸው። በልጃቸው ቤት «ጾም ነው» ማለት እኛን መውቀስ መስሎ ስለታያቸው ዝም ብለዋል። ባለቤቴ ይህን ሲሰማ ለረጅም ጊዜ አልተናገረም። በኋላ «ሦስት ወር ሙሉ ረቡዕና ዓርብ በሻይና በዳቦ ነው የከረመችው?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። እንጀራውም ሽሮውም በቤታችን ሞልቶ ሳለ፣ እኔ ሽሮዬን በቅቤ እሠራ ነበር።

ከእናንተም መካከል ኦርቶዶክስ ወላጆች፣ አማቶች ወይም ጎረቤቶች ያሏችሁ ብዙ ናችሁ። ከትንሣኤ በኋላ ካሉት ሃምሳ ቀናት በቀር ረቡዕና ዓርብ ይጾማሉ፤ ዐቢይ ጾም ደግሞ 55 ቀን ነው። ወተትም ቅቤም እንቁላልም የለም ማለት ነው። ታዲያ ለስላሳው ሶስ በምን ይሠራ?

ጠየቅኋቸው። «እማማ፣ በጾም ቀን እንዲህ ለስለስ ያለ ነገር ከምን ይሠሩ ነበር?» አልኳቸው። «ሱፍ የለሽም?» አሉኝ፤ ነገሩ እንደዚያ ቀላል ሆነ። ሱፍ ፍትፍት የምናውቅ ሰዎች እንዴት እንዳላሰብነው ይገርመኛል። ሱፉን እሳቸው ተቀምጠው ለቀሙት፤ እኔ አጥቤ ቀቀልኩና ፈጨሁት። በግማሽ ሊትር ውኃ በጥብጠን በጥሩ ጨርቅ ስናጠልለው ወተት የመሰለ ነገር ወጣ። ከዚያ በኋላ ያለው አሠራር ከቅድሙ ጋር አንድ ነው፤ በቅቤ ፈንታ ዘይት፣ በላም ወተት ፈንታ የሱፍ ወተት ይገባል። እሳቱ ግን ዝቅ ይበል፤ አጥብቆ ሲፈላ ቅባቱ ሊለይ ይችላል። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት አስቀድማችሁ በዘይቱ ብታቁላሉ የፎርማጆውን ጉድለት ይሞላል። ከድንችና ከካሮት ጋር በጣም ይስማማል፤ ከአበባ ጎመን ጋር ግን የሱፉ ጣዕም ይጫነዋል። በተሠራበት ቀን ብሉት።

አሁን ረቡዕና ዓርብ የሱፍ ሶስ የሚሠራው ለእሳቸው ብቻ አይደለም፤ ድስቱ አንድ ነው፣ ሁላችንም እንበላለን። ልጆቹ ልዩነቱን አልጠየቁም። ባለፈው ዓርብ ግን አማቴ አንድ ጊዜ ቀመስ አድርገው «ልጄ፣ ገውዙ በዝቷል» አሉኝ። ልክ ነበሩ።